ስለ ሁሉቃ ደለል ከመፍረዳችን በፊት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ ሸነን አገር የሚጓዝ ሰው አምቦ ከተማ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ውሃ ያገኛል። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀው የአምቦ ውሃ ነው፤ ሁለተኛው ግን ማንም ጠርሙስ ያላበጀለት፣ ከተማዋን አቋርጦ የሚወርደው የሁሉቃ ወንዝ ነው። የመጀመሪያውን የሚገዛ ሰው በውስጡ ምን ምን ማዕድን እንዳለ ከጠርሙሱ ወረቀት ላይ ያነባል። በሁለተኛው ልብሱን የሚያጥብ፣ ከብቱን የሚያጠጣ፣ ጓሮውን የሚያለማ ሰው ግን ይህን የሚነግረው ወረቀት በእጁ አልገባም።

በድልድዩ ላይ ጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው አንድ የታወቀ ክርክር መስማቱ አይቀርም። አንደኛው ሰው፣ «ይህ ወንዝ ተመርዟል፤ የጋራዡ ዘይትና የከተማው ቆሻሻ ሁሉ የሚገባው ከእርሱ ነው» ይላል። ሁለተኛውም፣ «ተወኝ እባክህ፤ አባቶቻችን ጠጥተውት ኖረዋል፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ይመልስለታል። ክርክሩ እስከ ማታ ቢቀጥል አሸናፊ አይኖረውም፤ ምክንያቱም ሁለቱም የያዙት ድምፅ እንጂ ቁጥር አይደለም። አንደኛው ፍርሃቱን፣ ሁለተኛው ልማዱን ይመሰክራል፤ ወንዙ ራሱ ግን ለምስክርነት አልተጠራም።

የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ ወንዙ ለምስክርነት እንዲጠራ ማሳሰብ ነው። ይኸውም በአፈርና በደለል ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙትን የብረታ ብረት ዘሮች ለክቶ፣ መዝግቦ፣ ለሚመለከተው ሰው መንገርን ይመለከታል። ነገር ግን ይህን ስል መለካት ብቻውን በቂ ነው ለማለት አይደለም። በግዴለሽነት የተገኘ ቁጥር ከድንቁርና የከፋ መሆኑን፣ እኔም በዚህ ጥፋት ውስጥ እንዳለሁበት፣ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አስቀድሞ «ጥቂት» የሚለውን ቃል እንረዳ። ሊቃውንቱ በአፈር ውስጥ ያለውን እርሳስ ወይም ካድሚየም የሚቆጥሩት በኪሎግራም ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ነው። አንድ ሚሊግራም የሦስት ወይም የአራት የጤፍ ፍሬ ክብደት ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ አፈር ዘርግፎ በውስጡ ሦስት የጤፍ ፍሬ የሚያህል እርሳስ መፈለግ ማለት ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ምን ይጎዳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሕፃን ልጅ አፈር በነካ እጁ ይበላል፤ ሰላጣውና ቆስጣው ከአፈሩ ይስባሉ፤ ላሚቱ ሣሩን ከነአፈሩ ትግጣለች፤ የተሰበሰበውም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ለዚህ ነው የዓለም የጤና ድርጅት በሚጠጣ ውሃ ውስጥ የእርሳስ ልክ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም፣ የካድሚየም ደግሞ ከ3 ማይክሮግራም እንዳያልፍ የሚመክረው። ማይክሮግራም የሚሊግራም አንድ ሺኛ ነው።

የዚህን ነገር ክብደት ሌሎች ሕዝቦች በመከራ ተምረውታል። በጃፓን አገር በቶያማ አውራጃ በጂንዙ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ አጥንታቸው እየተሰባበረ ሲሠቃዩ ብዙ ዘመን ቆይተው፣ መንግሥታቸው የበሽታው ምክንያት ከላይ ከማዕድን ማውጫው የወረደው ካድሚየም መሆኑን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ካድሚየሙ በወንዙ ወርዶ፣ በመስኖ ወደ ሩዝ እርሻው ገብቶ፣ በሩዙ አድርጎ ወደ ሰው ደረሰ። በአህጉራችንም በናይጄሪያ፣ በዛምፋራ፣ እርሳስ ያለበትን የወርቅ ድንጋይ በየግቢያቸው ሲፈጩ የነበሩ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2010 ከአራት መቶ በላይ ሕፃናት አጥተዋል። በሁለቱም አገር ገዳዩ ነገር ሽታ አልነበረውም፤ ቀለም አልነበረውም፤ በዐይን የሚታይ አልነበረም።

ታዲያ የማይታየውን ነገር እንዴት እናየዋለን? መልሱ በብርሃን ነው። እያንዳንዱ ብረት በነበልባል ተቃጥሎ ወደ ነጠላ አቶም ሲበተን፣ ከብርሃን ሁሉ መርጦ የሚውጠው የራሱ ብርሃን አለው። በረት ሙሉ ላሞች ቢያገሡ ጥጃ የእናቱን ድምፅ ለይቶ እንደሚሮጥ፣ የእርሳስ አቶም 283.3 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን፣ መዳብ 324.8 የሆነውን፣ ዚንክ 213.9 የሆነውን፣ ካድሚየም 228.8 የሆነውን ለይቶ ይውጣል። እነዚህ ሁሉ በዐይናችን የማናያቸው የብርሃን ዓይነቶች ናቸው።

ብረታ ብረት በብርሃናቸው እንደሚታወቁ ጀርመኖቹ ኪርኾፍና ቡንዘን እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1860 ባለው ጊዜ አሳይተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ብረቱ በሚሰጠው ብርሃን ላይ እንጂ በሚውጠው ላይ ብዙ አላተኮሩም፤ ይህም ከዘጠና ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1952 መጀመሪያ አለን ዎልሽ የሚባል በአውስትራሊያ የሚሠራ የፊዚክስ ሊቅ፣ በአንድ እሑድ ቀን ጓሮውን ሲኮተኩት፣ «ለምን የሚሰጠውን ብርሃን እንለካለን? የሚውጠውን ብንለካስ?» የሚል ሐሳብ መጣለት። በማግሥቱ ሞከረው፤ ሠራለትም። እ.ኤ.አ. በ1955 ጽሑፉን አሳተመ፤ ዛሬ አቶሚክ አብሶርፕሽን ስፔክትሮሜትሪ እየተባለ በየላቦራቶሪው የሚገኘው ዘዴ ከዚያ ተነሣ። ጓሮ መኮትኮት ለአእምሮ ይጠቅማል ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። በአንድ በኩል የሚፈለገው ብረት በውስጡ ያለበት አምፖል ይበራል፤ ለእርሳስ የእርሳስ አምፖል፣ ለመዳብ የመዳብ አምፖል ማለት ነው። በመካከል በአየርና በአሲታይሊን የሚነድ፣ ሙቀቱ 2300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ነበልባል አለ። በአሲድ የሟሟው አፈር እንደ ጉም እየተረጨ ወደ ነበልባሉ ይገባል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ከአምፖሉ ከወጣው ብርሃን ምን ያህሉ እንደ ደረሰና ምን ያህሉ በመንገድ እንደ ተዋጠ ይቆጥራል። ብዙ ብርሃን ከተዋጠ ብዙ ብረት አለ፤ ጥቂት ከተዋጠ ጥቂት አለ። ነገሩ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። አንድ ግራም የደረቀ ደለል በአሲድ ሟሙቶ፣ ተጣርቶ፣ በውሃ እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይሞላል እንበል። መሣሪያው በሊትር 0.5 ሚሊግራም እርሳስ አለ ቢል፣ በ50 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ያለው 0.025 ሚሊግራም ነው። ይህ የተገኘው ከአንድ ግራም ስለሆነ በኪሎ 25 ሚሊግራም ይሆናል። አሁን ደግሞ ምንም አፈር ሳይጨመርበት፣ አሲዱና ውሃው ብቻ በዚያው መንገድ ሄዶ ቢለካና 0.1 ቢያሳይስ? እንግዲያው ከ25ቱ 5ቱ የደለሉ ሳይሆን የአሲዱ ወይም የብርጭቆው ነው ማለት ነው፤ እውነተኛው ቁጥር 20 ነው። ይህ ባዶ ናሙና የሚባለው፣ የሰነፍ ተማሪ ሁሉ ጠላት የሆነው ሥራ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለመመረቂያ ጽሑፌ ከአንድ ቀይ አፈር ማሳ ላይ ተክሉ ሊያገኘው የሚችለውን ዚንክ እንድለካ ተሰጠኝ። አፈሩን ከገበያ በገዛሁት በቆርቆሮ ባልዲ ሰብስቤ፣ እርጥብ እንደሆነ አሳድሬ፣ በማግሥቱ ወደ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። ቁጥሩ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። እኔም ተደሰትኩ፤ ጽሑፉም ያምር ነበር፤ ውጤቱም መልካም ሆነልኝ። ባልዲው ግን እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ነበር! ይህን የተረዳሁት ከተመረቅሁ ከብዙ ወራት በኋላ፣ አንዲት የጎረቤት ሴት በዚያው ዓይነት ባልዲ ውሃ ስትቀዳ አይቼ ነው። የለካሁት የገበሬውን አፈር ሳይሆን የራሴን ባልዲ ነበር።

ማንን ጎዳሁ? ጽሑፉ በመደርደሪያ ላይ ስለቀረ ማንንም አልጎዳሁ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ትጉህ የግብርና ሠራተኛ ያንን ወረቀት አንሥቶ፣ «በዚህ ቀበሌ ዚንክ ሞልቷል፤ ዚንክ ያለበት ማዳበሪያ አያስፈልግም» ብሎ ቢወስን ኖሮ፣ የእኔ ባልዲ የገበሬውን ማሳ፣ የልጁንም ገበታ ባጎደለ ነበር። የቁጥር አደጋው ይኸው ነው፤ ሐሜት ሲናገሩት ሐሜት መሆኑ ይታወቃል፤ ሐሰተኛ ቁጥር ግን የእውነትን ልብስ ለብሶ ይሄዳል።

ይህም በከንቱ የሚነገር ስጋት አይደለም። የአገራችን ገበሬ ለብዙ ዓመታት የሚያውቀው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የአፈር ናሙና ከየወረዳው አሰብስቦ ካስመረመረ በኋላ፣ በብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ እንደሚጎድል ታየ፤ እነዚህን የቀላቀሉ ማዳበሪያዎችም መጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያና በማላዊ የእህሉ ዚንክና ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። ስለዚህ የአፈር ልኬት ጉዳይ የመርዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እርሳስና ካድሚየም ሲበዙ ይገድላሉ፤ ዚንክ ደግሞ ሲጎድል ልጅን ያቀጭጫል። አንዱ መሣሪያ ሁለቱንም ይነግረናል፤ የምንጠይቀውን ካወቅን።

መጠየቅን ማወቅ ያልኩት በምክንያት ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ለተክል አይደርስም። ድንጋዩ ውስጥ የተቆለፈ አለ፤ በሸክላው ላይ የተለጠፈ አለ፤ በውሃው ሟሙቶ ለሥር የተዘጋጀ አለ። በኃይለኛ አሲድ የሚሟሟው ጠቅላላውን ለማወቅ ነው፤ ለተክሉ የሚደርሰውን ለማወቅ ግን በለዘበ ፈሳሽ ይወጣል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ስም ቢጠሩ ገበያው ይደበላለቃል። ይልቁንም በሸነን አገር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በጊንጪ ሜዳ ያለው መረሬ አፈር ሸክላው ብዙ ስለሆነ ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ በከፍተኛው ቦታ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ በብዙ ማሳ ላይ ጎምዝዟል፤ ጉምዛዜውን የሚለካው ፒኤች የሚባለው ቁጥር ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይፈታና የገብሱንና የስንዴውን ሥር ይጎዳል፤ ሌሎችም ብረቶች እንዲሁ ይፈታሉ። ገበሬው ኖራ እንዲጨምር የሚመከረው ለዚህ ነው። እንግዲህ በኪሎ 25 የሚለው ያው ቁጥር በመረሬው ላይ አንድ ነገር፣ በጎመዘዘው ቀይ አፈር ላይ ሌላ ነገር ይናገራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ተራራዎቻችን ከእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው፤ ወንጪና ደንዲ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ናቸው፤ የአምቦ ፍል ውሃም ከዚያው ከምድር ሙቀት የሚመጣ ነው። ጥቁር ድንጋዩ ራሱ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየምና መዳብ አለበት። ስለዚህ አንድ ተማሪ ከሁሉቃ ደለል ውስጥ ብዙ ብረት አግኝቶ «ከተማው ወንዙን በከለ» ቢል፣ የተራራውን ሥራ በከተማው ላይ አሳበበ ማለት ነው። ከከተማው በላይ ያለውን ሳይለካ ከከተማው በታች ያለውን የሚለካ ሰው፣ ሰካራሙን ከመጠጥ ቤት ሲወጣ ብቻ አይቶ ሲገባ ምን እንደነበረ የማያውቅ ዳኛ ይመስላል።

ለምን ውሃውን ትተን ደለሉን እንለካለን የሚል ጠያቂ ይኖራል። ውሃ ዛሬ የሚናገረውን ነገ አይደግመውም፤ ትናንት የፈሰሰው ቆሻሻ ዛሬ ጉደር ደርሷል። ደለል ግን ማስታወሻ ይይዛል። ብረታ ብረት በደቃቁ ጭቃ ላይ ተለጥፈው ይቀመጣሉ፤ ዓመታት ያልፋሉ፣ እነርሱ ግን አይበሰብሱም። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ የተጨመረበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ገደማ ትተውታል፤ በዓለምም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 አቁማለች። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከመኪና ጭስ የወጣው እርሳስ በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ ገና አለ። የአባትን ዕዳ ልጅ ይከፍላል ማለት እንዲህ ነው።

ደለል ማስታወሻ ስለሆነም አነባበቡን ማወቅ ያስፈልጋል። አሸዋውና ጭቃው አንድ አይደሉም፤ ደቃቁ ጭቃ ብዙ ብረት፣ አሸዋው ጥቂት ይይዛል። ዛሬ ከአሸዋው፣ ከርሞ ከጭቃው የወሰደ ሰው «ብክለት ጨመረ» ብሎ ሊያስደነግጠን ነው፤ የተለወጠው ግን ወንዙ ሳይሆን የእርሱ እጅ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ወንፊት ተነፍቶ፣ በአንድ ዓይነት ጊዜ፣ ክረምት ከክረምት፣ በጋ ከበጋ ጋር ሊነጻጸር ይገባል።

በጥንት ጊዜ በየገበያው የተለያየ ቁና እንደነበረ ሽማግሌዎች ያወራሉ። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ስለማይተካከል፣ ነጋዴው በትልቁ ገዝቶ በትንሹ ይሸጥ ነበር። ዛሬም ላቦራቶሪዎቻችን በልዩ ልዩ ቁና የሚሰፍሩ ከሆነ የቁጥራችን ገበያ እንደዚያው ነው። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። ባዶ ናሙና መለካት፤ አንዱን ናሙና ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም፤ የታወቀ ብረት ጨምሮ ተመልሶ መገኘቱን ማየት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይዘቱ በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ አፈር ከሌሎቹ ጋር አሰልፎ መለካት ነው። የተረጋገጠው አፈር ላይ የሳተ መሣሪያ፣ በገበሬው አፈር ላይ እውነት ተናገረ ብሎ የሚያምን የለም።

አንዳንድ ሰዎች፣ «እኛ አገር ገና እንጀራ ያልጠገበ ሰው ሞልቶ ስለ ሚሊግራም ታወራለህን?» ይሉ ይሆናል። እኔም የምናገረው ስለ እንጀራው ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ሰላጣውንና ቆስጣውን በአቃቂ ወንዝ ከሚለማ ማሳ ሲገዛ ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ በከተማዋ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ ስላለው ብረታ ብረትም ሊቃውንቶቻችን እ.ኤ.አ. ከ2002 በፊት ጀምሮ ለክተው ጽፈዋል። አምቦና ጊንጪ፣ ጉደርና ሆለታ ዛሬ እያደጉ ያሉ ከተሞች ናቸው። አቃቂ ዘግይቶ ያወቀውን ሁሉቃ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል፤ ይህም የትንሽ ከተማ ዕድል ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ «ቁጥሩ ከወጣ ሕዝቡ ይሸበራል፤ የገበሬው ሽንኩርትና ጎመን አይሸጥም» ይላሉ። ይህ ስጋት የሚናቅ አይደለም፤ ዕዳው በድሀው ገበሬ ላይ ይወድቃልና። ነገር ግን ሽብርን የሚወልደው ቁጥር ሳይሆን የቁጥር መጥፋት ነው። በጉጂ በለገደንቢ የወርቅ ማዕድን አካባቢ ሕዝቡ ስለ ጤናው ባሰማው ተቃውሞ ምክንያት በ2010 ዓ.ም. የሥራው ፈቃድ መታገዱ ይታወሳል። እንደዚህ ያለ ነገር በሚነሣበት ጊዜ፣ ሁሉም ወገን የሚያምነው የብዙ ዓመት መዝገብ በሕዝብ እጅ ካለ ክርክሩ በመዝገቡ ላይ ይሆናል፤ መዝገብ ከሌለ ግን ክርክሩ በሰው ላይ ይሆናል። ከዕንባ በኋላ የሚጀመር ልኬት የቀድሞውን ሊመልስ አይችልም፤ «ከዚህ በፊት ስንት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውምና።

ሸነን አገር ይህን መዝገብ እንዲጀምር የሚያስገድደው ሌላም ምክንያት አለ። ይህ አገር የወንዞች ራስ ነው። አዋሽ የሚነሣው ከጊንጪ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደተሠራው ወደ ቆቃ ግድብ፣ ኋላም እስከ አፋር ምድር ይሄዳል። በወዲህ በኩል ሁሉቃ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የዓባይም ደለል ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ሐይቅ ውስጥ ያርፋል። ከታች ያሉት ሰዎች ነገ ስለ ሐይቃቸው ደለል ሲጠይቁ፣ የሚነጻጸርበት የመጀመሪያው ቁጥር መገኘት ያለበት ከራሱ ከምንጩ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐሳቤ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አምቦ በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሆለታ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የቆየ የእርሻ ምርምር ማዕከል አላት። በሁሉቃ ላይ ሦስት ቦታ ይመረጥ፤ አንዱ ከከተማው በላይ፣ አንዱ በከተማው ውስጥ፣ አንዱ ከከተማው በታች። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምቱ በፊትና ከክረምቱ በኋላ፣ ደለሉና በአጠገቡ ያለው የአትክልት ማሳ አፈር ይወሰድ። በፕላስቲክ ማንኪያ፣ በፕላስቲክ ከረጢት፤ በቆርቆሮ ባልዲ አይሁን! እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ መዳብና ዚንክ ይለኩ። ከእያንዳንዱ ናሙና ግማሹ ደርቆ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት በመደርደሪያ ይቀመጥ፤ የሚመጣው ትውልድ በተሻለ መሣሪያ ሊጠይቀው ይችላልና። ውጤቱም በአማርኛና በኦሮምኛ በአንዲት ገጽ ተጽፎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ለተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። በየዓመቱ ብዙዎቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋላችሁ፤ እያንዳንዱም አዲስ ወንዝ፣ አዲስ ርዕስ ይፈልጋል። አዲስ ነገር መሻት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሃያ ተማሪ ሃያ ወንዝ አንድ አንድ ጊዜ ከሚለካ፣ ሃያ ተማሪ በየተራ አንዱን ወንዝ ሃያ ዓመት ቢለካ አገር የበለጠ ትጠቀማለች። ስማችሁ በመዝገቡ አንድ መስመር ላይ ብቻ ይገኝ ይሆናል፤ መስመሩ ግን እውነተኛ ይሁን። ባዶው ናሙና ከፍ ብሎ ቢገኝ አትደብቁት፤ ጻፉት። እኔ ያልጻፍኩትን እናንተ ጻፉት።

ለወጣት ሹማምንትም እንዲሁ። በጠረጴዛችሁ ላይ የላቦራቶሪ ወረቀት ሲመጣ፣ ማኅተም ከማሳረፋችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። ናሙናው ከየትና መቼ ተወሰደ? የተለካው ጠቅላላው ነው ወይስ ለተክል የሚደርሰው? ባዶው ናሙናና የተረጋገጠው አፈር ስንት አሳዩ? አራተኛውም፣ «አልተገኘም» ሲል መሣሪያው ከስንት በታች ማየት አይችልም? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። በነበልባል የሚሠራው መሣሪያ በአፈር ውስጥ ያለውን ጥቂት ካድሚየም ብዙ ጊዜ በግልጽ አያየውም፤ ለዚያ በግራፋይት ምድጃ የሚሠራው የተሻለ ነው። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፤ ዐይኑ የደከመ ሰው በሩቅ ሰው አላየሁም ማለቱ መንገዱ ባዶ መሆኑን አያስረዳም።

የሁሉቃ ደለል ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ገበሬው ጎመኑን በኩራት ይሸጣል፤ በድልድዩ ላይ የሚከራከሩትም ሰዎች ሌላ ወሬ ይፈልጋሉ። ንጹሕ ሳይሆን ቢገኝም ከየትኛው ቦታ ጀምሮ እንደ ተበላሸ መዝገቡ ያመለክታል፤ የሚታረመውም ሰው ወይም ሥራ ይታወቃል። በሁለቱም መንገድ አናፍርም። የምናፍረው የልጅ ልጆቻችን «እናንተ ከምንጩ አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ መሣሪያውም ዕውቀቱም እያላችሁ፣ ለምን አልለካችሁም?» ብለው ሲጠይቁን ነው። ለዚያ ጥያቄ በቆርቆሮ ባልዲ የተሰበሰበ መልስ አይበቃም።